በእኔ ስም የገባው ሥራህ

ካርቱም፣ ጀሪፍ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ኢስሐቅ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ጤናህን መጠየቅ በነበረብኝ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁና አሁን ብጠይቅ ማሾፍ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ትናንት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንስተን መቃብር ስፍራ አሳርፈንሃል። ዛሬ ደግሞ በእናትህ ግቢ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ ገመድ አልጋው ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። የምነግርህ ነገር አለኝ። ከአንድ ሳህን ፉል እየበላን ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅኩህ ነገር ነው።

በቅድሚያ ግን እኅትህ ናስራ ደኅና መሆኗን ልንገርህ። ከስታለች፣ ድምፅዋም ጎርንኗል፣ ግን ደኅና ናት። በጦርነቱ ገዳሪፍ ተሰድዳ ቆይታ፣ ካርቱም ሲረጋጋ ተመልሳ ቤቱን ጠርጋ ገብታበታለች። በሩንና የመስኮቱን ብረት ሳይቀር ዘራፊዎች ነቅለው ወስደውታል። በበሩ ቦታ ብርድ ልብስ ሰቅላለች።

መጀመሪያ ያገኘሁህ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ጀርባ ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅህ ውስጥ ነው። የምሠራበት ድርጅት ሰርቨር በወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሽቶብኝ፣ በሪክሻ ጭኜው መጣሁ። ያኔ ከአዲስ አበባ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ፣ በዚያ ሙቀት ክራባት የማስር ሰው ነበርኩ። አንተ በሸበጥ ተቀምጠህ መበየጃህን እየነፋህ፣ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ ጠየቅከኝ።

«ከህረባ ስንቴ ይሄዳል እናንተ ጋ?»

«መብራት? በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠፋል። ግን ዩፒኤስ አለን፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይይዘዋል። አዲስ ነው፤ መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል።»

«ከዳብ ነው ወላሂ!» ብለህ ሳቅክ። «ውሸታም! እዚህ ሱቅ የሚሸጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው። መቶ ሲልህ አርባ ነው። አንተ ደግሞ አመንከው፣ ያ ሙዲር!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሙዲር ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጅ ሳልሆን ሥራ አስኪያጅ አደረግከኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰርቨሩ ባይበላሽም እግሬ ወደ ሱቅህ ይወስደኝ ጀመር። ሥጋ ሲሆን አንተ ወደ እስላሙ፣ እኔ ወደ ክርስቲያኑ እንለያይ ነበር፤ ፉል ሲሆን ግን ከአንድ ሳህን ነው። ካርቱም ውስጥ ካንተ ሌላ ወዳጅ ፈልጌ አላውቅም።

ጀሪፍ ተወልደህ ጀሪፍ ያደግክ የወሎ ልጅ ነበርክ። እናትህ እማማ ሐምዲያ እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ሁለታችሁንም አሳደጉ። የልደት ወረቀት ግን አልነበረህም። ሱዳን የእኔ ነው አላለህም፣ ኢትዮጵያም አታውቅህም። አማርኛህ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሃል። እንግሊዝኛን ከኮምፒውተር መመሪያ ላይ ብቻህን ተማርከው፤ ከእኔም በልጠህ ታነበዋለህ። ይህንን የመጨረሻውን አንድም ቀን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ናስራ እስከዚህ ሳምንት ምን እንደምንሠራ በደንብ የምታውቅ አልመሰለኝም ነበር። በደረስኩ ቀን ጠየቀችኝ። እንዲህ አልኳት፦ የዓለም ሰርቨሮች ከሚሠሩባቸው ሲስተሞች አንዳንዶቹ ባለቤት የላቸውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ይንከባከቡታል። እያንዳንዱ ክፍል ማን እንደጻፈው ተጽፎበታል፤ ሲበላሽ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ወንድምሽ ከነዚያ ክፍሎች አንዱን ጽፏል፤ ዛሬ በስንት አገር ይሠራበታል።

«ስሙ አለበት?» አለችኝ።

«ኢንሻላህ ይኖርበታል» ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

እንደምታውቀው የለበትም። ያለው የእኔ ስም ነው።

ፕሮግራሙን ከዳብ ያልከው አንተ ነህ። ሐሳቡም ያንተ፣ ኮዱም ያንተ። ባትሪው ስለራሱ የሚናገረውን ጨርሶ አያምንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪው በእርግጥ ስንት ደቂቃ እንደያዘ ራሱ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባትሪው ከማለቁ በፊት ሰርቨሩን በሥርዓት ያሳርፈዋል። ስምንት ወር ፈጀብህ። እኔ ምን ሠራሁ? መግለጫውን አነበብኩ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አረምኩ፣ ሻይ ገዛሁ።

ሲስተሙ ውስጥ ሥራ ማስገባት የሚችለው ግን አባል ብቻ ነበር። አባል ለመሆን ደግሞ ነባር አባል በአካል አግኝቶህ፣ ይህ ሰው በእርግጥ ነኝ ያለው ሰው ነው ብሎ በዲጂታል ፊርማው ሊመሰክርልህ ይገባል። ለእኔ በካርቱም ሲያልፍ ያገኘሁት አንድ ኬንያዊ ፓስፖርቴን አይቶ ፈርሞልኛል። ከዚያ በኋላ ካርቱም ውስጥ ላንተ መፈረም የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እስክትገባ ድረስ ብለን ከዳብን በእኔ ስም አስገባነው። «እስክትገባ ድረስ» ያልኩህ እኔ ነኝ።

የጠየቅከኝ ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሁለታችንም በላብ ተጠምቀናል። ስትዘጋጅበት እንደከረምክ ከአነጋገርህ ያስታውቅ ነበር።

«ያ ሙዲር፣ እስቲ ፈርምልኝ።»

«በጣቃ አምጣ» አልኩህ፤ የማላውቅህ ይመስል።

አወጣህልኝ። ሁለታችንም የምናውቃትን መታወቂያ። ፎቶው ያንተ ነው፤ ስሙ ግን አብዱልወሃብ ይላል። ወረቀት የሌለው የጀሪፍ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ፖሊስ ሲያስቆምህ የምታሳያት፣ በሰው ስም የወጣች ካርድ ናት።

«በዚህ ስም ልፈርምልህ እችላለሁ» አልኩህ።

«ላ፣ አይሆንም! በዚህ ስም ፖሊስ ያስቆመኛል፣ በዚህ ስም ሱቅ እከፍታለሁ። ኮዱን የጻፈው ግን ኢስሐቅ ነው። አብዱልወሃብ ኮድ አያውቅም።»

ሳቅን። ከዚያ እኔ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። «ሕጉ መታወቂያ ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ? እኔንም ሊያስወጡኝ ይችላሉ እኮ።»

ትንሽ አየኸኝ። «ጠይብ» አልክ። «መዓሌሽ።» ይሁን፣ ግድ የለም ማለትህ ነው። መበየጃህን አንስተህ ወደ ሥራህ ተመለስክ።

ኢስሐቅ፣ ሕጉ እንዲያ አይልም።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። ማንነቱን በእርግጠኝነት ለምታውቀው ሰው ፈርም ነው የሚለው። መታወቂያ መጠየቅ ለማታውቀው ሰው ነው፤ ለዓመታት በቅርብ ለምታውቀው ሰው አያስፈልግም ብሎ በግልጽ ጽፎታል። እኔ ያኔ ሰባት ዓመት አውቅህ ነበር። እማማ ሐምዲያ ሲያርፉ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። በጣትህ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ምን እንዳቃጠለህ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ በጣቃ አምጣ አልኩህ።

በሕጉ አሳበብኩ እንጂ የፈራሁት ሌላ ነው። ከዳብ መወደድ ጀምሮ ነበር። ከቤይሩት፣ ከሌጎስ፣ መብራት በየቀኑ ከሚጠፋበት አገር ሁሉ ምስጋና ይጎርፍ ነበር፤ ወደ እኔ። አንተ ከገባህ ምስጋናው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፣ እኔ ባለዲግሪው ፊደል አራሚ ሆኜ እቀራለሁ። ቀናሁብህ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍከውን ሁሉ በፍላሽ እያመጣህ ሰጠኸኝ፤ እኔም በስሜ አስገባሁት። አንድም ቀን ፊትህን አላጠቆርክብኝም። ብታጠቁርብኝ ደስ ባለኝ።

ጦርነቱ ሊነሳ ሁለት ወር ሲቀረው ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት «የከዳብ ጸሐፊ» ብሎ የሥራ ጥሪ ላከልኝ። ጠበቃ ነበራቸው፤ የመውጫ ቪዛዬንም የሥራ ፈቃዴንም እነሱ ጨረሱ። ወረቀት ለሌለው ሰው መላ ይኖራቸው ነበር ወይ? እንጃ። አልጠየቅኳቸውም። እኔ አልጻፍኩትም፣ የጻፈው ጀሪፍ የሚኖር ጓደኛዬ ነው ብዬ አንድ መስመር ብጽፍላቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እስክሞት አላውቀውም።

አንተ ቦርሳዬን ተሸክመህ ኤርፖርት ድረስ ሸኘኸኝ። ለሪክሻ ነጂው «ይሄ ሙዲር ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ስትለው ነበር። ደስታህ የእውነት ነበር። እኔ አይንህን ማየት አቅቶኝ ስልኬን ስነካካ ደረስን።

ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ኔትወርክ ስታገኝ ትደውልልኝ ነበር። ጀሪፍ ያለችው ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞቹ የበሽተኛውን ዝርዝር፣ ኢንሱሊን የት እንዳለ፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚፈልግ የሚመዘግቡባትን ሰርቨር የያዝከው አንተ ነበርክ። «ከህረባ የለም፣ ውኃ የለም፣ እሷ ግን ቆማለች፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኝ ነበር። በሐምሌ ስልክህ ተዘጋ። በጥቅምት ናስራ ከገዳሪፍ ደውላ መርዶህን ነገረችኝ። አለቀስኩ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የከዳብን አዲስ እትም በስሜ አወጣሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ባለፈው ነሐሴ ግን ጥያቄ መጣ። መብራት ከጠፋ በኋላ ከዳብ ምንም ሳያደርግ ሠላሳ ሰባት ሰከንድ ይጠብቃል። አዲስ ዓይነት ባትሪ የገጠሙ ሰዎች ይህ ጥበቃ እያስቸገራቸው፣ ለምን ሠላሳ ሰባት? ለምን ሠላሳ ወይም አርባ አልሆነም? ጸሐፊው ያብራራልን አሉ። ጸሐፊው የተባልኩት እኔ መልሱን አላውቀውም። አለቃዬም ጠየቀኝ፤ ማስታወሻዬ ካርቱም ቀርቷል አልኩት። ሁሉን ነገር የምትጽፍባት አረንጓዴ ደብተርህ ትዝ ብላኝ ነው። ገዳሪፍ ላለችው ናስራ በደወልኩ ቁጥር እንደ ዋዛ ደብተሩን አነሳባት ጀመር።

ካርቱም በተመለሰች በወሩ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«ዓለምነህ ወንድሜ፣ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ግቢ የተቀበሩትን ሊያዛውሯቸው ነው። የኢስሐቅ መቃብር እንጨት ላይ አብዱልወሃብ ተብሎ ተጽፏል፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን በጣቃ አይተው ነው። እኔ ብናገር ቤተሰብ ነሽ፣ ከቤተሰብ ውጪ የሚያውቀው ሰው አምጪ አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። የምታውቀው የቀረ ሰው አለ ወይ?»

እኔው እመጣለሁ አልኳት። እያለቀሰች መረቀችኝ። ለወንድሟ ስል ጦርነት ያደቀቀው ከተማ ድረስ የምመጣ ሰው መሰልኳት። እኔ ግን የአውሮፕላን ትኬቴን ስቆርጥ አሳስቦኝ የነበረው ደብተሩ ነው። ከፖርት ሱዳን በአውቶቡስ እየተንገጫገጭኩ ስመጣም እሱን ነበር የማስበው። ይህን ባትሰማው ይሻል ነበር፤ ግን ካልነገርኩህ ሌላውም ኑዛዜዬ ዋጋ የለውም።

እንዴት እንደወሰዱህ ያወቅኩት ከናስራ ነው። የክሊኒኳ ባትሪ ደክሞ፣ እናታችሁ ይሠሩበት የነበረው የአል-ጣኢፍ ቤት ሰዎች ከካይሮ ሆነው የእኛን የሶላር ባትሪዎች ውሰዱ ብለዋችሁ ነበር። በአህያ ካሮ ጭናችሁ ስትመለሱ ኢርቲካዝ ላይ፣ የታጠቁ ሰዎች መንገድ ዘግተው የሚፈትሹበት ቦታ፣ አስቆሟችሁ።

«በጣቃውን ሰጣቸው» አለችኝ። «አንዱ ይዞ እያነበበ ነው። ሌላው ባትሪውን ገፍቶ ከካሮው ሊጥለው ሲል ኢስሐቅ ሊይዘው ዘለለ። እኔ ደነገጥኩ። ኢስሐቅ! ብዬ ጮህኩ። የሚያነበው ልጅ ቀና አለ። ኢስሐቅ ማነው? አለኝ።»

የሻይ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጃሱስ ነው አሉ። ሰላይ ነው፣ ስሙን ቀይሯል፣ ባትሪውንም ሰርቆ ነው አሉ። ወንድሜ ነው ብዬ ማልኩ። ማን ይሰማኛል?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት።

«ሁሉም እንዲያ ይለኛል» አለች።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ያገኙህ፣ የማያውቁህ በጎ ፈቃደኞች ትምህርት ቤቱ ግቢ ቀበሩህ። ኪስህ ውስጥ ያገኙትን ስም እንጨት ላይ ጻፉ። እነሱ ምን ያድርጉ? ናስራ ሸሽታለች፣ የሚያውቅህ ሌላ ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

ትናንት ጠዋት ናስራና እኔ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መቃብሮቹን የሚያዛውረው ኮሚቴ መዝገብ ያዥ ዐም ተውፊቅ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። የላስቲክ ጠረጴዛቸውን ጥላ ውስጥ አድርገው፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ተቀምጠዋል። ማስረጃ ይጠይቁኛል ብዬ ያልያዝኩት ነገር አልነበረም፤ ፓስፖርቴ፣ አንድ ላይ የተነሳነው ፎቶ፣ የተጻጻፍነው መልእክት ሳይቀር ታትሞ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«አውቀዋለሁ።»

«ስሙ ማነው?»

«ኢስሐቅ።»

«በጣቃው ሌላ ነው የሚለው።»

«በጣቃው የእሱ አይደለም። እሱ ኢስሐቅ ነው። የሐምዲያ ልጅ፣ እዚሁ ጀሪፍ የተወለደ። ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ» አልኩና ቦርሳዬን መክፈት ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ወረቀት ጠየቅኩህ እንዴ? ታውቀዋለህ ወይ ነው ያልኩህ። አውቀዋለሁ ካልክ በቃ።» አሮጌውን ስም በአንድ መስመር ሰርዘው ስምህን ከበላዩ ጻፉ። መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው «ፈርም» አሉኝ።

ፈረምኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፊቴን አይተው «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። ሐዘን መስሏቸው ነው፤ ሐዘንም ነበር። ግን ከሁሉ በላይ እፍረት ነበር። የማያውቁህ ሽማግሌ በሁለት ደቂቃ ያደረጉልህን እኔ ሁለት ዓመት ከለከልኩህ።

ከሰዓት በኋላ ከቀብር ስንመለስ ናስራ ወደ ውስጥ ገባችና አረንጓዴውን ደብተር ይዛ መጣች። ገዳሪፍ ስትሰደድ ልብሷን ጥላ እሱን ይዛ ነው የወጣችው። ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው።

«ለዚህም ጭምር ነው የመጣኸው፣ አይደል?»

እጄን ወደ ደብተሩ ዘርግቼ መለስኩት።

«በደወልክ ቁጥር ደብተሩ አለ ወይ፣ ደብተሩ አለ ወይ ስትለኝ ነበር። ይኸው፣ ውሰድ።»

ከፈትኩት። ሠላሳ ሰባትን በሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ሱቅ ዐረቢ ጀነሬተር የሚያስነሳውን ሁዘይፋን ሃያ ጊዜ ሰዓት ይዘህበታል፤ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ከሻይ ወንበሩ ተነስቶ ጀነሬተሩን እስኪያስነሳ፣ በአማካይ ሠላሳ ሰባት ሰከንድ። ጀነሬተሩ ከተነሳ ሰርቨሩን ማሳረፍ ምን ያደርጋል ብለህ ነው። በሌጎስም በቤይሩትም ስንቱ ሰርቨር የሁዘይፋን የሻይ ብርጭቆ ሲጠብቅ ኖሯል! ሳቄ መጣ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ሁሉንም ለናስራ ነገርኳት። ሕጉን፣ በጣቃውን፣ ናይሮቢን፣ ለምን እንደመጣሁ። አንዱንም አላስቀረሁም።

ስጨርስ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ወደ መሐሉ ገለጠችና መለሰችልኝ።

በእጅህ የተጻፈ ነው። ሕጉን ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ገልብጠኸዋል፣ ከሥሩ በዐረብኛ ተርጉመኸዋል። መታወቂያ አያስፈልግም የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ከላይ ያለው ቀን እኔን ከጠየቅክበት ሐሙስ አንድ ሳምንት ይቀድማል።

አውቀህ ነው የጠየቅከኝ። ስዋሽህ እያወቅክ ነው መዓሌሽ ያልከኝ።

«እኔ ንገረው ብዬው ነበር» አለች ናስራ። «ወረቀቱን አሳየው፣ ምን ያስፈራሃል አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ካሳየሁት ይፈርምልኛል። ግን ስላሳየሁት ይሆናል። ሙዲር ራሱ ይምጣ፣ አለኝ።»

«ይጠብቀኝ ነበር?»

«ናይሮቢ ከሄድክም በኋላ። ጦርነቱም ውስጥ። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚከፍተው ኢሜይሉን ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሱ ይቅር ብሎህ ይሆናል፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር። እኔ ገና ነኝ» አለች። እውነቷን ነው። አልተከራከርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ገበያው ዳር ኢንተርኔት የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ለአባላቱ ሁሉ ጻፍኩ። ከዳብን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ለምን በእኔ ስም እንደኖረ፣ ስለ ሕጉ እንዴት እንደዋሸሁህ፣ ሳልሸፋፍን ጻፍኩት። በኮዱ ላይ ጸሐፊ የሚለው ቦታ ላይ ስሜን አጥፍቼ ስምህን አገባሁ። ተንከባካቢ የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ እኔ ለዚያም አልበቃም። አባልነቴን እንዲያነሱልኝም ጠይቄያለሁ። ከናይሮቢ አንድ መስመር መልስ መጥቶ ነበር፤ ሰኞ እንነጋገር ይላል። ምን እንደሚሉኝ ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ አልከፋኝም።

ስመለስ ስልኬን ለናስራ ሰጠኋት። ስምህ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ማንበብ ስለሚከብዳት ጣቷን እያስከተለች ፊደል በፊደል አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ዘገየህ» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ገልጣ ወደ ቤት ገባች።

ነፍስህን ይማር፣ ኢስሐቅ። እናንተ እንደምትሉትም አላህ ይርሐምህ።

እየጠበቅከኝ ሳልመጣ የቀረሁት፣
ዓለምነህ